ትናንት ይሠራ ነበር

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለውን የአባቶቻችንን ተረት የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ችግሩ ተረቱን እንናገረዋለን እንጂ ነገሩ ሲገጥመን ሥሩ ድረስ ለመውረድ ትዕግሥት የለንም። ዕቃ ሲበላሽ፣ ገንዘብ ሲጎድል፣ ሥራ ሲስተጓጎል መጀመሪያ ከአፋችን የሚወጣው «ምን ሆነ?» የሚለው ጥያቄ አይደለም፤ «ማን ነው ያደረገው?» የሚለው ነው። ከ«ምን» በፊት «ማን»ን የሚያስቀድም ሰው ደግሞ መልሱን ከማስረጃ አያገኘውም። ቀድሞ በልቡ ካኖረው ጥርጣሬ ውስጥ መዝዞ ያወጣዋል።

ይህን ጉዳይ ዛሬ የማነሣው ብዙዎቻችሁ ከማትጠብቁት ቦታ ነው፤ ከኮምፒውተር። «ዕድሜውን ኪታብ ሲቀራና ሲያቀራ የኖረ ሰው ከኮምፒውተር ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። እኔ ያደግኩት በሐሪማ ነው። የመንግሥት ትምህርቴም ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም። ነገር ግን የማስተምርበት የሕዝብ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ሲከፍት ኃላፊነቱን የሚወስድ ሰው ጠፍቶ በእኔ ላይ ወደቀ። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ላይ የሦስት ወር ሥልጠና ወስጄ ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ ያየሁት ብዙ ነው፤ ከሁሉም ግን ለአንባቢ ይጠቅማል ብዬ የማስበው ቀጥሎ የማወጋችሁን ነው።

አሳላፊው

ነገሩ እንዲገባን አንድ ቃል እናስቀድም። ኮምፒውተር ሲነሣ ከምንጠቀምባቸው ፕሮግራሞች በፊት ሥራ የሚጀምር የፕሮግራሞች ሁሉ አስኳል አለ፤ ስሙ ከርነል ይባላል። ከርነልን በሠርግ ቤት አሳላፊ ብንመስለው ያስኬዳል። እንግዳው ወጥ ቤት አይገባም፤ ወጥ ሠሪዋም ድንኳን ውስጥ አትዞርም። በመካከል ሆኖ የዚህን ፍላጎት ለዚያ፣ የዚያን ምግብ ለዚህ የሚያደርስ አሳላፊው ነው። ከርነልም እንዲሁ በምንጽፍበትና በምናነብበት ፕሮግራም እና በዕቃው ማለትም በሚሞሪው፣ በዲስኩ፣ በስክሪኑ መካከል ቆሞ ያስተናግዳል። ድግሱ ሲያምር አሳላፊውን የሚያመሰግን የለም። አንድ ጠረጴዛ ሲረሳ ግን ሁሉም ይጣራል።

እኛ የምንጠቀምበት ሊኑክስ የተባለው ከርነል ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 ጀመረው። በነጻ የሚሰጥ በመሆኑ እንደኛ ላለ አቅመ ደካማ ትምህርት ቤት ትልቅ ጸጋ ነው። አንድሮይድ ስልክ በኪሱ የያዘ ሰው ሁሉ ሳያውቀው ይህንኑ ከርነል ይዞ ይዞራል። በየ9 ወይም በየ10 ሳምንቱ አዲስ እትም ይወጣል። በእያንዳንዱ እትም ውስጥ ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች የሠሯቸው ከ10 ሺህ የሚበልጡ ለውጦች ይገባሉ። አብዛኞቹ ጥቅም ያመጣሉ። አንዳንዴ ግን አዲሱ እትም ሲገባ ትናንት ይሠራ የነበረው ነገር ዛሬ እምቢ ይላል። የሙያው ሰዎች ይህን «ሪግሬሽን» ይሉታል፤ ወደ ኋላ መመለስ ማለት ነው።

እኛ ዘንድ የሆነው

ክፍላችን ውስጥ 18 ኮምፒውተሮች አሉ። በውጭ አገር የሚኖሩ የአካባቢያችን ተወላጆች የላኩልን ያገለገሉ ዕቃዎች ናቸው። 11ዱ አንድ ዓይነት ሲሆኑ 7ቱ ሌላ ዓይነት ናቸው። የሚጠብቃቸው ከዚህ በፊት ተማሪዬ የነበረ አንድ ወጣት ነው። አራት ዓመት ሙሉ ያለ ደመወዝ አገልግሏል።

በአንድ የዕረፍት ወር ይህ ወጣት ቁልፉን ተረክቦ ሁለት ሥራ ሠራ። የሁሉንም ሣጥን እየከፈተ አቧራቸውን ጠረገ፤ በዚያው ሳምንት ደግሞ ማሻሻያውን ሁሉ አውርዶ ጫነባቸው። ትምህርት ሲከፈት ከ11ዱ ኮምፒውተሮች አንዱ ሲቀር ሌሎቹ መድረቅ ጀመሩ። ተማሪው እየጻፈ ሳለ ስክሪኑ ቀጥ ይላል፤ ቁልፍ ቢነኩት አይሰማም፤ ከመብራቱ ነቅሎ እንደገና ከማስነሣት በቀር መፍትሔ የለውም። አንዳንድ ቀን በመጀመሪያው ሰዓት፣ አንዳንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ይደርቃል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ጭራሽ አይታይም።

የመጣው ባለሙያ ለአፍታ አየና «ሚሞሪው ደካማ ነው፤ ምናልባት ተቀይሮ ይሆናል» ብሎ ሄደ። ይህች «ምናልባት» ከክፍሉ ወጥታ ኮሚቴው ስብሰባ እስክትደርስ ድረስ «ምናልባት»ነቷን ጥላለች። «ሣጥኑን የከፈተው ማን ነው? ቁልፉስ በማን እጅ ነበር?» ተባለ። ደህናውን ሚሞሪ አውጥቶ ሸጦ አሮጌ ተክቶበታል የሚል ወሬ በሦስት ቀን ውስጥ ገበያ ደረሰ። ወጣቱ ቁልፉን እንዲመልስ ታዘዘ። ከኮሚቴው አባላት አንዳንዶቹም ኮምፒውተሮቹ በጨረታ ይሸጡ እስከማለት ደረሱ።

ያን ቀን ማታ ቤቴ ድረስ መጣ። «ኡስታዝ፣ አቧራ ከመጥረግ በቀር የነካሁት ነገር የለም። እርስዎ ያምኑኛል?» አለኝ።

«እኔ ባምንህ የሚያምንህ አንድ ሰው ነው፤ ከኮሚቴው ፊት ያለ እኔ ምስክርነት ራሱን ችሎ የሚቆም ነገር እንፈልግ» አልኩት።

በማግስቱ ሰብሳቢያችንን ሐጂን የአንድ ወር ጊዜ ጠየቅኳቸው። «ወሩን ውሰድ፤ ግን ልጁ ብቻውን እንዳይገባ» ብለው ፈቀዱልኝ።

አንድ ነገር ብቻ መለወጥ

የመጀመሪያው ችግር ሣጥን መክፈቱና ማሻሻያው በአንድ ሳምንት መዋላቸው ነው። ጊዜን ብቻ ቆጥሮ «ከዚህ በኋላ መጣ» ማለት ሁለቱን አይለይም። ከ11ዱ አንዱ በዚያ ወር የርእሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ ስለነበረ ደህና ነበር፤ እሱ ግን ሣጥኑም አልተከፈተም፣ ማሻሻያም አልተጫነበትም። ስለዚህ ደህንነቱ ለከሳሽም ለተከሳሽም ሊመሰክር አይችልም። ሁለት ነገር አብሮ የተለወጠበት ምስክር ምስክር አይደለም።

ከሚደርቁት መካከል ሦስቱን መረጥን። ሣጥኖቻቸው መጋጠሚያ ላይ ወረቀት ለጥፈን የኮሚቴው ጸሐፊ ፈረመበት። ከዚህ በኋላ ማንም ሰው ወረቀቱን ሳይቀድ ውስጣቸውን ሊነካ አይችልም። ከዚያም በቢሮው ኮምፒውተር ላይ የነበረውን የቀድሞውን ከርነል አምጥተን በሦስቱ ላይ ጫንን። ያው ሣጥን፣ ያው ሚሞሪ፣ ያው መብራት፤ የተለወጠው ከርነሉ ብቻ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ አልደረቁም። አዲሱን መለስንበት፤ በዚያው ቀን ሁለቱ ደረቁ። የቀድሞውን መለስን፤ እንደገና ደህና ሆኑ።

እዚህ ላይ ሚሞሪው ንጹሕ መሆኑ ግልጽ ሆነ። ሆኖም አንድ የኮሚቴው አባል «ማሻሻያውን የጫነውም እሱ ነው፤ የሆነ ነገር ጨምሮበት ይሆናል» አሉ። ጥርጣሬ አንዱ በር ሲዘጋበት በሌላው ይመጣል። ደግሞም በቀድሞው ከርነል ላይ ለዘለዓለም መቀመጥ አይቻልም፤ ከዚያ ወዲህ የተዘጉ የደህንነት ቀዳዳዎች አሉና። ስለዚህ ነገሩ የገባበትን እትም ራሱን ማግኘት ነበረብን፤ ያውም ወጣቱ ካወረደው ሳይሆን እኛው ከአከፋፋዩ በቀጥታ አውርደን፣ ትክክለኛነቱንም በማረጋገጫ ቁጥሩ አመሳክረን።

ግማሽ በግማሽ

ደህና ከሆነው እትም እስከ በሽተኛው ድረስ 16 እትሞች ወጥተዋል። ለራሳችን እንዲቀለን ደህናውን ዜሮ፣ የመጨረሻውን በሽተኛ 16 ብለን ቁጥር ሰጠናቸው። ተራ ሰው ከ1 ጀምሮ እየሞከረ ይሄዳል። ብልሃቱ ግን መካከሉን መምታት ነው። 8ኛውን ሞክር፤ ደህና ከሆነ ከዚያ በፊት ያሉት ሁሉ ከጥርጣሬ ይወጣሉ፤ በሽተኛ ከሆነ ከዚያ በኋላ ያሉት ይወጣሉ። በአንድ ሙከራ ግማሹ ሸክም ይወርዳል።

8ኛው ደህና ሆነ። በ8 እና በ16 መካከል ያለውን 12ኛውን ስንሞክር ደረቀ። በ8 እና በ12 መካከል ያለው 10ኛው ደህና ሆነ። የቀረው 11ኛው ብቻ ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን ደረቀ። በአራት ሙከራ ተገኘ፤ በሽታው የገባው በ11ኛው እትም ነው። በተራ ብንሄድ ኖሮ 11 ሙከራና 11 ጊዜ ማውረድ ይጠይቀን ነበር፤ ለእያንዳንዱም በሞባይል ካርድ የሚከፈል ገንዘብ አለው።

የዚህ ብልሃት ኃይል የሚታየው ቁጥሩ ሲበዛ ነው። 1,024 የሚጠረጠሩ ነገሮች ቢኖሩ በ10 ሙከራ አንድ ይቀራል። 16,384 ቢሆኑ የሚጨመረው አራት ሙከራ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ከ10 ሺህ በላይ ለውጥ የያዘ እትም እንኳ የማያስፈራው።

«ደህና» የምትል ቃል

አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ትልቁ ነገር ይህ ነው። ኮምፒውተሩ ሲደርቅ ዓይናችን አይቶታል፤ «በሽተኛ» ለማለት አንድ ጊዜ ይበቃል። ሳይደርቅ ሲቀር ግን «ደህና ነው» ማለት ነው? ወይስ በሽታው ተራው ስላልደረሰ ነው?

ስለዚህ ከሙከራው በፊት በሽተኛ መሆኑን የምናውቀውን እትም በሦስቱ ላይ ጭነን አራት ቀን ስናያቸው ነበር። ሦስት ኮምፒውተር በአራት ቀን 12 የኮምፒውተር ቀን ይሆናል፤ ከ12ቱ በ8ቱ ደርቀዋል። እንግዲህ በሽተኛው እትም ራሱ ከሦስት ቀን አንድ ቀን ጤነኛ መስሎ ይውላል ማለት ነው። አንድ ኮምፒውተር ለአንድ ቀን አይቶ «ደህና» የሚል ሰው ከሦስት ጊዜ አንድ ጊዜ ይሳሳታል። በዚህ ሥራ ደግሞ አንድ ስሕተት የቀረውን መንገድ ሁሉ ያጠማል፤ በሽታው ወደሌለበት ግማሽ ይወስዳልና። ሦስቱንም ሁለት ቀን ብናያቸው ግን ስድስቱም የኮምፒውተር ቀናት በአጋጣሚ ደህና የመሆናቸው ዕድል ከ729 አንድ ገደማ ነው። በዚህ ምክንያት «ሦስት ኮምፒውተር፣ ሁለት ቀን» የሚል ሕግ አወጣን።

ሕጉ የጠቀመን በ12ኛው እትም ላይ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሦስቱም በሰላም ዋሉ። በሁለተኛው ቀን ሁለቱ ደህና ሳሉ ሦስተኛው አሥር ሰዓት ላይ ደረቀ። «ሁለቱ ደህና ናቸው፤ አምስት የኮምፒውተር ቀን ደህና፣ አንድ በሽተኛ፤ በብዙኃኑ እንፍረድ» የሚል ነበር። ይህ ግን ድምፅ የሚሰጥበት ጉዳይ አይደለም። በመድረሳ የተማርነው አንድ የኡሱል ቃዒዳ አለ፤ አንድ ነገር መኖሩን የሚያረጋግጥ ምስክር አላየሁም ከሚለው ይቀድማል፤ ያየው ያላየው ዘንድ የሌለ ዕውቀት አለውና። ያ የደረቀው አንድ ኮምፒውተር አይቷል። 12ኛው በሽተኛ ነው ብለን ጻፍን፤ መንገዱም ቀና።

ከእትም ወደ መስመር

በ10ኛውና በ11ኛው እትም መካከል 230 ያህል ለውጦች ነበሩ። ወጣቱ ከአንድ የኮሌጅ ተማሪ ጠንከር ያለ ኮምፒውተር ተዋሰ። ግማሽ በግማሽ የመክፈሉን ሥራ የሚያግዝ መሣሪያ አለ፤ ጊት ባይሴክት ይባላል። ጊትን ራሱን የሠራው ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲሆን የከርነሉን ለውጥ ሁሉ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደሠራው የሚመዘግብ ትልቅ መዝገብ ነው። «ይህ ደህና ነው፣ ያ በሽተኛ ነው» ካልከው መካከሉን ራሱ መርጦ ያቀርብልሃል፤ ያንን ወደ ሥራ ቀይረህ ሞክረህ ውጤቱን ትነግረዋለህ።

የብልሃቱ ሐሳብ ከጊት ይቀድማል። ክሬይ በተባለው የትላልቅ ኮምፒውተሮች ድርጅት ብራያን ነስ እና ቪየት ንጎ ለውጦችን እየለዩ የበሽታውን ምንጭ ስለመያዝ እ.ኤ.አ. በ1997 ጽፈዋል። ጀርመናዊው አንድሬያስ ዜለር ደግሞ በ1999 ትናንት የሠራ ፕሮግራም ዛሬ ለምን እምቢ እንዳለ በራሱ የሚፈልግ ዘዴ አቅርቧል።

230 ለውጥ በስምንት ሙከራ ያልቃል። አንዱን እትም ከጽሑፉ ወደ ሥራ መቀየር ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጅ ነበር፤ ሁለት ጊዜም መብራት ጠፍቶ ከመጀመሪያ ተጀመረ። ከተመረጡት አንዱ ጭራሽ አልነሣም። አለመነሣቱ ስለ መድረቁ አይናገርምና «በሽተኛ» አላልነውም፤ ዘለልነውና ጎረቤቱን ሞከርን። ሁለት ሳምንት ገደማ ወሰደ። በመጨረሻ አንድ ለውጥ ብቻ ቀረ፤ ጥቂት መስመሮች ናቸው። ሥዕል የሚያወጣው የኮምፒውተሩ ክፍል ሥራ ሲፈታ ጠለቅ ያለ እንቅልፍ እንዲተኛ የሚያዝዙ፣ መብራት የሚቆጥቡ መስመሮች። ለአዳዲስ ዕቃ መልካም ነው። የኛ ዓይነት አሮጌ ዕቃ ግን አንዳንዴ ከዚያ እንቅልፍ አይነቃም። 7ቱ ኮምፒውተሮች የዚያ ዓይነት ክፍል ስለሌላቸው ነው የዳኑት።

እዚህም አላቆምንም። ከመጨረሻው እትም ላይ ያችን ለውጥ ብቻ አውጥተን ሞከርን፤ ደህና ሆነ። መልሰን አስገባናት፤ ደረቀ። ያኔ ነው እርግጠኛ የሆንነው። ወጣቱ ዕቃውን፣ እትሞቹን፣ ያደረገውን ሁሉ በዝርዝር ጽፎ ለሠሪዎቹ ላከ። ለውጡን የጻፈው ሰው በሦስተኛው ቀን አመስግኖ መለሰ፣ አንድ ተጨማሪ ሙከራ ጠየቀ። ከአምስት ሳምንት በኋላ በወጣው እትም ለአሮጌዎቹ ዕቃዎች ያ እንቅልፍ ቀረ። ዓለም በሙሉ ያንኑ ዕቃ የያዘ ሰው ሁሉ ችግሩ ተፈታለት።

ሐጂ ኮሚቴውን ሰብስበው የተፈረመባቸውን ሣጥኖች በፊታቸው አስከፈቱ። ሚሞሪዎቹ ላይ ያሉት ቁጥሮች ዕቃው ሲመጣ ከተመዘገቡት ጋር አንድ ናቸው። ቁልፉን በገዛ እጃቸው መለሱለት፤ «አውፍ በለን» አሉት። ወጣቱ ተቀበላቸው። ገበያ ላይ የደረሰውን ወሬ ግን ማን ይመልሰዋል? አንዲት የሠፈራችን እናት እስከ ዛሬ «ያ የኮምፒውተሩ ልጅ» ሲሉት ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ኮምፒውተር ወደ ደህናው እትም ይመለሳል፤ የሰው ስም እንዲህ በቀላሉ አይመለስም።

ንጹሑ ተከሳሽ

ይህ በኛ ብቻ የሆነ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2008 የ2.6.27 ከርነል የሙከራ እትሞች የኢንቴልን አንድ ዓይነት የኔትወርክ ካርድ ማበላሸት ጀመሩ። ካርዱ ውስጥ ያለው ቋሚ ማስታወሻ እየተሰረዘ ካርዱ ከሥራ ውጭ ይሆናል። መጀመሪያ የተጠረጠረው ካርዱን የሚያዝዘው ድራይቨር ነው፤ የሞተው ካርድ ነው፣ ካርዱን የሚይዘው እሱ ነው። ሠሪዎቹ ለጥንቃቄ በማስታወሻው ላይ መጻፍን የሚከለክል መከላከያ አደረጉ፤ ፍለጋውን ግን አልተዉም። በጥቅምት ወር እውነተኛው ምክንያት ሲገኝ ሌላ ክፍል ሆኖ ተገኘ። የከርነሉን ውስጣዊ ሥራ የሚከታተል ኤፍትሬስ የተባለ መሣሪያ ነው። ይህ መሣሪያ ቀድሞ የመዘገባቸውን የሚሞሪ አድራሻዎች ተመልሶ ያርማል፤ አድራሻው ግን በመካከሉ ተለቆ ለካርዱ ማስታወሻ ተሰጥቶ ነበር። የድሮ ቤቱ መስሎት የሌላ ሰው ቤት ገብቶ ጻፈ። በዚያው ወር በወጣው 2.6.27.1 እትም ያ የመሣሪያው አሠራር እንዲዘጋ ተደረገ። ድራይቨሩ ተበዳይ እንጂ በዳይ አልነበረም።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ስብስብ 12.3 እትሙን ሊያወጣ ሲል በውስጡ ያለው 6.1.64 ከርነል ፋይል ሊያበላሽ እንደሚችል ታወቀ። ሥራው ቆሞ በማግስቱ 12.4 ወጣ፤ ከርነሉም በ6.1.66 ተስተካከለ። የችግሩ ምንጭ የሚገርም ነው። ለውጡ በራሱ ትክክል ነበር። በአዲሱ ከርነል ውስጥ ከእሱ በፊት በገባ ሌላ ለውጥ ላይ ተደግፎ የተሠራ ነው፤ ወደ አሮጌው ከርነል ሲወሰድ ግን ደጋፊው አብሮት አልሄደም። እውነት የሆነ ነገርም ከቦታውና ከጓደኛው ሲለይ ጉዳት ያመጣል። ከዐውዱ ተነጥሎ የተወሰደ ንግግር ሰው እንደሚያጣላ ሁላችንም እናውቃለን።

ከኪታብ ቤት የተማርነው

በዚህ ሥራ ላይ ሳለሁ ብዙ ጊዜ ትዝ ያለኝ የሐሪማው ትምህርት ነው። የድሮ ገልባጮች ኪታብ ገልብጠው ሲጨርሱ ከመምህሩ ቅጂ ጋር ያመሳክሩት ነበር። በየመጅሊሱ የደረሱበትን ቦታ ዳር ላይ «በለገ» ብለው ምልክት ያደርጋሉ፤ «እስከዚህ ተመሳክሯል» ማለት ነው። በኋላ ስሕተት ቢገኝ ፍለጋው ከምልክቱ ወዲህ ይሆናል። የኛ ዜሮ ቁጥር እትም እንዲያ ያለ ምልክት ነው። ደህናነቱ የተረጋገጠ መነሻ የሌለው ፈላጊ ከየት ጀምሮ ይፈልጋል?

የፊቅህ ሊቃውንት ደግሞ አዲስ የተከሰተ ነገር መቼ እንደተከሰተ ክርክር ሲነሣ ወደ ቅርቡ ጊዜ ይጠጋል የሚል መሠረት አላቸው። እ.ኤ.አ. ከ1869 እስከ 1876 የተዘጋጀው የኦቶማኖች የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አል-መጀላ፣ በ11ኛው አንቀጹ ይህንኑ ይዟል። የኮምፒውተር ሰዎችም የመጨረሻውን ለውጥ አስቀድመው ይጠረጥራሉ። ነገር ግን ይህ መነሻ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ተቃራኒ ማስረጃ ሲመጣ ይለቃል። እኛም የመጨረሻውን እትም ብንጠረጥርም ሙከራው ወደ 11ኛው ወሰደን።

ከሁሉም በላይ የሆነው ግን እርግጠኝነት በጥርጣሬ አይነሣም የሚለው ነው። የአንድ ሰው የአራት ዓመት ታማኝነት የታየ፣ የተቆጠረ ነገር ነው። ከአንድ ባለሙያ አፍ የወጣች «ምናልባት» ልታፈርሰው አይገባም ነበር። መፍረስ ካለበትም በእርሷ ክብደት ሳይሆን በእርሷ ልክ በተቃራኒ በቆመ እርግጠኛ ማስረጃ ነው።

በሊኑክስ ሠሪዎች ዘንድ አንድ ጥብቅ ደንብ አለ። ይሠራ የነበረን ነገር ያበላሸ ለውጥ፣ የጻፈው ሰው የቱንም ያህል የተከበረ ቢሆን፣ ወይ ይታረማል ወይ ይወጣል። «ተጠቃሚው ነው የተሳሳተው» የሚል ምክንያት አይቀበሉም። ቶርቫልድስ በዚህ ላይ ድርድር እንደማያውቅ የታወቀ ነው። በዚያው መጠን ለውጡን የጻፈው ሰው እንደ ወንጀለኛ አይታይም። እኛ የደረስንበትን ለውጥ የጻፈው ሰው መብራት ለመቆጠብ ነው የተነሣው፤ በእጁ ባለው ዕቃ ላይ ይሠራል። የኛን አሮጌ ሣጥኖች አይቷቸው አያውቅም። ስሕተቱ ሲነገረው አልተቆጣም፤ አረመው። ጥፋትን መፈለግና ጥፋተኛን መፈለግ የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ አላገኘሁም። ጥፋትን የፈለገ መፍትሔ ያገኛል፤ ብዙ ጊዜም ንጹሑን ያወጣል። ጥፋተኛን ብቻ የፈለገ ግን አንድ ሰው ይይዛል፤ ኮምፒውተሩ ግን መድረቁን ይቀጥላል።

ውድ አንባቢ፣ በቤትህ፣ በመሥሪያ ቤትህ፣ በማኅበርህ ትናንት ይሠራ የነበረ ነገር ዛሬ እምቢ ቢልህ እስቲ ሦስት ጥያቄ ጠይቅ። ደህና እንደነበረ እርግጠኛ የሆንኩበት የመጨረሻው ጊዜ መቼ ነው? ከዚያ ወዲህ ምን ምን ተለወጠ? ሌላውን ሁሉ እንዳለ ትቼ አንዱን ብቻ ብመልሰው ምን ይሆናል? መካከሉን ምታ፤ «ደህና ነው» ለማለት አትቸኩል፤ ያየውን ምስክር በብዙኃን ድምፅ አትጣል። ይህን ሁሉ እስክትጨርስ ድረስ ደግሞ የሰውን ስም ከአፍህ አቆየው።